ላም በስልክ ስትታለብ

እኔ ላም በስልክ አልቤ አውቃለሁ። አትሳቁ፤ ምስክር አለኝ። ላሟ አሰላ አጠገብ ካለው ቤታችን በረት ውስጥ ቆማለች፤ እኔ ደግሞ ቤሩት፣ አሽራፊዬ፣ የማዳም ኦዴት በረንዳ ላይ፣ በአንድ እጄ የመስታወት መጥረጊያ በሌላው ስልክ ይዤ ቆሜያለሁ። ወተቱም ወርዷል። ማዳም ኦዴት አይታለች፤ አንድ የቫን ሾፌር አይቷል፤ አንድ ወታደርም አይቷል። የጸሎት ቤታችን ሰው ደግሞ ሁሉም አይቶ ግማሹ አልቅሷል።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ስልክ ነው። እናቴ ክፉ ወሬ የምትናገርበት የራሷ ዘዴ አላት። መጀመሪያ ደኅና መሆኔን ትጠይቃለች። ቀጥላ እንደገና ትጠይቃለች። ለሦስተኛ ጊዜ ከጠየቀች እኔ መቀመጫ እፈልጋለሁ። የዚያን ቀን ሦስተኛው «ደኅና ነሽ ወይ ልጄ?» ሲመጣ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

«ምን ሟርት ነው! ማንም አልሞተም። እመቤት ጡቷን ታማ ነው እንጂ።»

እመቤት ላማችን ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እናቷ ወልዳት ስለሞተች ጣቴን ወተት ውስጥ እየነከርኩ፣ ጣቴን እያጠባሁ ነው ያሳደግኳት። የደፈረሰ ውሃ አልጠጣም፣ እርጥብ ነገር ላይ አልተኛም የምትል ኩሩ ጥጃ ስለነበረች እመቤት አልኳት። ያኔ ሌላ ማዳም እንደሚጠብቀኝ በምን አውቄ!

ወደ ቤሩት ስመጣ እመቤት ጊደር ነበረች፤ ልጄ ሳሮን ደግሞ ድክ ድክ ትል ነበር። ሁለቱንም ለእናቴ ትቼላት መጣሁ። አሁን እመቤት የልጆች እናት ሆናለች፤ ሳሮን ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔ ከመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቼ ቤት ከወጣሁ ወዲህ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። መዝረዓ ውስጥ ከጓደኛዬ ከብርቱካን ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ቀን አሽራፊዬ አንድ ቀን ፋናር ቤት እያጸዳሁ እኖራለሁ። አንዴ ከሄድኩ ተመልሼ አልገባም፤ ስለዚህ እስካሁን አልሄድኩም።

ሳሮን በስልክ ከእኔ ጋር ማውራት አትወድም። ቀናነት የጎደላት ልጅ ሆና አይደለም፤ ታፍረኛለች። «ሰላም ነሽ?» ስላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስላት «ጥሩ ነው» ትላለች። «ናፍቀሽኛል» ስላት «እሺ» ትላለች። ከዚያ የሚሰማኝ የሚሮጥ እግር ነው። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ልጅ አይደለች፣ ታፍራለች እኮ» ትለኛለች። ከሰባኪው የማታፍር፣ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ በአንገቱ ይዛ የምትዞር ልጅ ከእናቷ ታፍራለች። ይሄ ሲያመኝ ነው የኖረው።

ወደ ጡቱ ልመለስ። ከእመቤት አራት ጡቶች አንዱ፣ የኋላ ግራው፣ አብጦ ድንጋይ ሆኗል። ሲነኩት ያቃጥላል። የሚወጣውም ወተት አይደለም፤ አይብ የተበተነበት ውሃ ነው። እናቴ ጥፋተኛዋን ወዲያው አግኝታለች፤ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ግቷ ሲያምር!» ያለች ጎረቤት አለች፣ የእሷ ዓይን ነው። የከብት ሐኪሙ መጥቶ የበረቱን ወለል አየ፣ ከዚያ የእናቴን እጅ አየ፣ ከዚያ በትሕትና ዓይን አለመሆኑን ተናገረ። ከቆሻሻ መኝታና ካልታጠበ እጅ የሚገባ ጀርም ነው አለ። በጡቷ ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒት ሰጣት።

«መድኃኒቱ ብቻውን ግን አያድናትም» ብሏል። የታመመው ጡት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መታለብ አለበት። ካልታለበ ጀርሙ ወደ ሌሎቹ ጡቶች ይዛመታል፤ ደሟ ውስጥ ከገባ ደግሞ ላሟ አትተርፍም። ችግሩ እመቤት ማንንም አላስነካ ማለቷ ነው። እናቴ ስትጠጋ ትራገጣለች። ባልዲውን ያገኙት ዓይን አላት ከተባለችው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። አጎቴም ቁርጥ አድርጎ ተናግሯል፤ እስከ እሑድ ካልተሻላት፣ ሳትሞት ለሥጋ ቤት ትሸጣለች። ሥጋ ቤቱን ሄዶ አነጋግሮታል።

ያቺ ላም የቤታችን ምሰሶ ናት። ሳሮን ያደገችው በእሷ ወተት ነው። እኔ ማጥባት ያቆምኩትን እመቤት ቀጠለችልኝ ማለት ነው። ሥጋ ቤት የሚለውን ቃል ስሰማ ማልቀስ ጀመርኩ፤ «እስቲ አሳዩኝ» አልኩ። እናቴ ሁለት እጇን ለማለብ ስለምትፈልጋቸው ስልኩን ሳሮን ያዘችው። ቪዲዮ ተከፈተ። ስክሪኑን የሞላው የእመቤት አንድ ዓይን ነበር።

ሌላ ምን ላድርግ? ጥጃ እያለች ጣቴን ሳጠባት የማዜምላትን አዜምኩላት። ዜማው ለሰው የሚሰማ አይደለም፤ ግጥሙንም ያኔ በረት ውስጥ የፈጠርኩት ነው።

«ቁሚ እመቤት፣ የጭቃ ጠላት፣
ቁሚ እመቤት፣ የኩራት እናት...»

የእመቤት ጆሮ ወደ ስልኩ ዞረ። እናቴ ትንፋሿን ውጣ በሞቀ ውሃ የተነከረውን ጨርቅ ግቷ ላይ አደረገች። ላሟ ቆመች። አልተራገጠችም። «ቀጥዪ! እንዳታቆሚ!» አለች እናቴ በሹክሹክታ። እኔም የማዳምን መስታወት ትቼ ቀጠልኩ። ሐኪሙ በኋላ ሲሰማ ስቋል አሉ፤ ላም ያን ያህል ጊዜ ድምፅ ታስታውሳለች ብሎ አላመነም። እኔም አንዳንዴ የወደደችው የስልኩን ጩኸት ይሆን እላለሁ። ብርቱካን ግን ማስረጃ ሆነችልኝ።

ብርቱካን የጸሎት ቤታችን መዘምር ናት፤ ድምፅዋ ሲሰማ ሰው ዓይኑን ይከድናል። አንድ ጠዋት እኔ ቀድሜ ወደ ሥራ መውጣት ስለነበረብኝ ዜማውን አስጠንቼያት ቤት የምተወውን አሮጌ ስልኬን ሰጠኋት። ከእኔ አሳምራ፣ አስጊጣ ዘመረችላት። እመቤት ባልዲውን በአንድ እግር ደፋችው። ማታ ስገባ ብርቱካን ፍራሿ ላይ አኩርፋ ጠበቀችኝ።

«ላምሽ ጆሮ የላትም» አለችኝ።

«አታኩርፊ፣ የበረት ዜማ ነው የለመደችው።»

«ኸላስ፣ ተይኝ። እኔ ኪራይ የምከፍለው ለሰው መኖሪያ ነው። ገና ሳይነጋ ጆሮዬ ሥር ቁሚ ቁሚ እየተባለ እኔም ልቆምልሽ ነው እንዴ?»

በዚህ ላይ ሌላ አመል አመጣሁ። ሐኪሙ በረቱ ይጽዳ ስላለ፣ ጽዳቱን በቪዲዮ መቆጣጠር ጀመርኩ። እናቴ እበቱን ዝቃ፣ ወለሉን አጥባ፣ ደረቅ ጭድ ታነጥፋለች፤ እኔ ከቤሩት «ማእዘኑን አሳዪኝ» እላለሁ። ታሳየኛለች። «እዚህ ጋ አልጠራም፤ ያላ፣ እንደገና!» እላለሁ። «በረኪናው በዛ፣ ውሃ ጨምሪበት። ያኒ አንድ ነገር ስነግርሽ ለምን አትሰሚም?» እላለሁ። እናቴ መጥረጊያውን አቁማ ስልኩን አፍጥጣ አየችው።

«ስሚ እስቲ፣ አንቺን የላክንሽ ልትሠሪ ነው ወይስ ልታሠሪ?»

ደነገጥኩ። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ድምፅ ቁልጭ ብሎ ከአፌ ወጥቷል። ያቺ ሴትዮ ከአልጋ ሥር ጣቷን አስገብታ አቧራ ትፈልግ ነበር፤ እኔ ጭራሽ በባሕር ማዶ ጣቴን እናቴ በረት ውስጥ አስገባሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይሁን» አለች፤ ከዚያ ማእዘኑን እንደገና አጠበችው፤ እውነትም አልጠራም ነበር።

ቀትር ላይ ያለው አለባ ማዳም ኦዴት ቤት ይደርስብኛል። ማዳም ኦዴት ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ፈረንሳይ ያሉባት አሮጊት ናት። ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳታል ብዬ በረንዳው ላይ በሙሉ ድምፄ እዘፍናለሁ። አንድ ቀን ዘወር ስል በሩ ላይ ቆማለች።

«ሹ፣ ሐቢብሽ ነው?» አለችኝ ዓይኗን ጠቀስ አድርጋ። ፍቅረኛዬን መስሏታል።

«ላእ ማዳም፣ በአራ ናት። ላሜ ናት።»

ስልኩን አሳየኋት። መነጽሯን ሄዳ አምጥታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እመቤትን ከጆሮ እስከ ጭራ አየቻት። በሽታውን በምልክትም በአረብኛም አስረዳኋት። ፊቷ ተለወጠ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ይኸው አግኝቷት እንደነበር ነገረችኝ፤ ትኩሳቱ፣ ድንዳኔው፣ ልጁ እያለቀሰ ማጥባት አለመቻሏ። እናቷ ያዳነቻት የቀዘቀዘ የጥቅል ጎመን ቅጠል ጡቷ ላይ እያደረገች ነው። «መስኪኔ» አለች ለላሟ፣ የእውነት አዝና። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጎመን! ጎመን ታድርግላት!»

የማዳም ትእዛዝ ነውና አስተላለፍኩ። እናቴ ማዳምን ታከብራለች፤ ገበያ ወርዳ ጥቅል ጎመን ገዛች፣ ቅጠል በቅጠል ለያየች፣ እያጎነበሰች ወደ ግቷ ስታስጠጋ እመቤት አንገቷን አዙራ ከእጇ ላይ በላችው። ሁለተኛውንም በላችው። ቀሪውን ሳሮን እያነሳች ሰጠቻት፤ እሱም አለቀ። በሚቀጥለው ስሄድ ማዳም ኦዴት ገና በሩን ስትከፍትልኝ «ጎመኑስ?» አለችኝ። «በጣም ወዳዋለች» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ሳሮን ያልኳት ልጅ፣ ልብ በሉ፣ አሁን መሮጥ አልቻለችም። ስልኩን የምትይዘው እሷ ናታ! ስልኩን ይዛ ከሮጠች ላሟ ትራገጣለች። መጀመሪያ ላይ የምትናገረው ስለ ሥራው ብቻ ነበር። «ጆሮዋን አዞረች።» «ጮክ በዪ፣ ዝንቡ እየረበሻት ነው።» ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ገባበት። «ያ ባልዲሽ ለምን ቀይ ሆነ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ቤሩት ላም አለ?» አለችኝ በሌላው። ዜማውን ላለማቋረጥ መልሱንም በዜማ እመልስ ነበር። «አለ ይላሉ፣ ተራራው ላይ፣ እኔ አላየሁም፣ ቁሚ እመቤት...» እሷ ትስቃለች። የልጄን ሳቅ እንዲያ በቅርብ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መስታወቱን እየወለወልኩ እንባዬን በዚያው ጨርቅ ጠረግኩ፤ መስታወቱ ተዥጎረጎረና እንደገና አጠብኩት።

ዓርብ ለት ወደ ፋናር በቫን ስወጣ መንገዱ ተዘጋግቶ የአለባው ሰዓት ደረሰብኝ። ስልኩ ጮኸ። ማንሳት ግድ ነው፤ የእሑዱ ቀን እየቀረበ ነው። አንገቴን ደፍቼ በቀስታ ጀመርኩ። ሳሮን «አይሰማትም፣ ጮክ በዪ!» አለችኝ። ጮክ አልኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሬዲዮውን ዘጋ፤ እግዜር ይስጠው። ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ቫኑ ቆመ። ቀና ስል ኬላ ነው። ወታደር ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ እያየን ነው።

ወረቀት የሌለው ሰው ኬላ ሲያይ ልቡ ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁልጊዜ የመስኮቱን ውጭ እያየሁ ድንጋይ እሆናለሁ። አሁን ግን ዝም ካልኩ እናቴ ላሟ ሥር ተቀምጣለች፤ ትረገጣለች። አላቆምኩም። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ቁሚ እመቤት» እላለሁ፣ ወታደሩ ስልኬን ያያል።

«ሹ ሀይዳ?» አለ፣ ምንድን ነው ይሄ ለማለት።

«በአራ» አልኩት በዜማው መሀል። «መሪዳ። ታማለች።»

ስልኩ ላይ እመቤት በዚያ ትልቅ ዓይኗ ቀጥ ብላ አየችው። ወጣት ነው፤ ከገጠር ሳይሆን አይቀርም። ፈገግታ ሲያመልጠው አየሁ። «አላህ ይሽፊሃ» ብሎ ምሕረት ተመኘላትና የቫኑን ጣራ በመዳፉ መታ አድርጎ «ያላ» ብሎ አሳለፈን።  ሾፌሩ እስከ ፋናር ድረስ ሬዲዮውን አልከፈተም።

እሑድ ደረሰ። አጎቴ ከሥጋ ቤቱ ሰው ጋር ከሰዓት ተቀጣጥሯል። እኛ የምናመልከው በተከራየነው አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ የፕላስቲክ፣ ሰዉ አብዛኛው የቤት ሠራተኛ፣ ቀኑ በሳምንት ያለን አንዱ ቀን። ስልኬ ሲነዝር ወንጌላዊው ሁላችንንም በጸጥታ እንድንጸልይ አድርጎ ነበር። ሹልክ ብዬ ወደ ደረጃው ወጣሁና ጀመርኩ። የዚያ ሕንፃ ደረጃ ለካ ድምፅ ያበዛል! «የጭቃ ጠላት» ያልኩት ዞሮ ዞሮ አዳራሹ ውስጥ ገብቷል። በሩ ተከፈተና ወንጌላዊው አንገቱን አወጣ።

«እህታችን፣ ይሄ አዲስ መዝሙር ነው?»

እንዲህ ነው ብዬ ማስረዳት አልቻልኩም፤ አፌ ሥራ ላይ ነው። ብርቱካን ከኋላው ብቅ ብላ «ላሟ ታማ ነው፣ ዛሬ ልትታረድ ነው፤ የእሷን ድምፅ ካልሰማች አትታለብም» አለችልኝ። ኩርፊያዋን የተወችው ያን ጊዜ ነው። ወንጌላዊው ትንሽ አሰበና «ታዲያ ደረጃ ላይ ምን ታደርጊያለሽ? ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። ስልኩ ወንበር ላይ ተደገፈ፤ እህቶች ሁሉ ከበቡት። ሁሉም የገበሬ ልጅ ነው፤ ሁሉም ሐኪም ሆነ። «የታመመውን መጨረሻ ላይ ትለበው!» «እጇን ትታጠብ በሏት!» «ጥጃውን አርቁት!» እናቴ ያን ሁሉ ሴት አንድ ላይ ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች። ወንጌላዊው እጁን አንስቶ ዝም አስባለን። እኔ ብቻ አዜማለሁ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ጭርር። ጭርር። ወተት ባዶ ባልዲ ሲመታ። ዙሪያዬን አየሁ። በየሰው ቤት የካርቶን ወተት እየቀዱ ስንት ዓመት የኖሩ ሴቶች ናቸው። አንዷ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ሌላዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ብርቱካን የእኔን እጅ ጨምቃ ይዛለች። 

«የታመመውን ልትጀምር ነው» አለች ሳሮን፣ ለእኛ ሁሉ። እናቴ የመጀመሪያውን ጥቁር ጨርቅ ላይ አለበችው፤ ሐኪሙ እንደዚያ እዩ ብሎ ነበር። ሳሮን ጨርቁን ስልኩ ላይ አስጠጋችው። ጥቂት ነው፤ ቀጭን ነው። ግን ነጭ ነው። አይቡ የለም፣ ድፍርሱ የለም።

«ነጭ ነው!» ብላ ጮኸች ልጄ። «እማ፣ ነጭ ነው!»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ሃሌ ሉያ!» አለ። እመቤት ይህን ያህል ሰው አልጠበቀችም፤ ደንብራ ባልዲውን ደፋችው። ለነገሩ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ወተቱ የሚደፋ ነበር፤ ቀደመችን እንጂ አልጎዳችንም።

አጎቴ ሥጋ ቤት ሄዶ ቀጠሮውን ሰረዘ። ሐኪሙ ደጋግሞ መጥቶ አያት። ያ የኋላ ግራ ጡት ወተት መስጠት አቁሞ ቀረ፤ ሦስቱ ግን ለቤታችን ይበቃሉ። ሕመሙ ሲለቃት እመቤት ለእናቴ እጅ እንደ ድሮዋ መቆም ጀመረች። «ከእንግዲህ አትቸገሪ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ እናቴ።

ሰው ላሙ ዳነችለት ብሎ ያዝናል? እኔ አዘንኩ። ጠዋት ስልኩ ዝም፣ ቀትር ዝም፣ ማታ ዝም። ብርቱካን እስከሚነጋ ተኛችና «በጣም ጸጥ አለ» ብላ አጉረመረመች። ማዳም ኦዴት ቀትር ሲሆን ወንበሯን በረንዳው ላይ አውጥታ ተቀምጣ «የላሟ ሰዓት አልደረሰም?» አለችኝ። «ድናለች ማዳም፣ ኸላስ» አልኳት። «አህ፣ ድናለች» አለች፤ ወንበሩን ግን አላስገባችም። እኔ እናቴ ጋ ብደውል ሳሮን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ እንደ ድሮዋ ትሮጣለች ብዬ ፈራሁና ለመደወል ድፍረት አጣሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። ማዳም ከእኔ በፊት ብድግ አለች። አነሳሁት፤ ቪዲዮ የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

«ሳሮን? ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«እመቤት አልቆም አለች» አለችኝ። ትንፋሿ ቅርብ ነው። «አልታለብም አለች። ዝፈኚላት።»

 በሽታው ወደ ሌሎቹ ጡቶች ተዛመተ ብዬ መጥረጊያውን ጣልኩና ጀመርኩ። «ቁሚ እመቤት፣ የጭቃ ጠላት...» ጆሮዬን ደግሞ አቁሜያለሁ፤ የባልዲ ድምፅ የለም፣ የጭራ ድምፅ የለም። ብርድ ልብስ የሚመስል ነገር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከሩቅ፣ ከግቢው በኩል፣ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ሳሮን! አንቺ ሳሮን! የት ገባሽ? እመቤት ወንዝ ወርዳለች፣ ሄደሽ መልሻት!»

ዜማውን አቆምኩ።  ማዳም ኦዴት ከወንበሯ «ሹ? ኪፋ?» ትለኛለች፣ ላሟ እንዴት ናት ለማለት፤ እጄን አንስቼ ቆዪኝ አልኳት።

«ሳሮን» አልኩ፣ «አሁንስ ቆመችልሽ?»

ከብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ አሰበች።

«ቆማለች» አለች። «አንቺ ብቻ እንዳታቆሚ።»